ከሸክላው ስር ያለው ሽቦ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገልብጦ የታች ላሜራው ሲፈታ መጀመሪያ ነጭ ጀሶ ይታያል። ጀሶው ሲነሳ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው የሸክላው ጀርባ ይገለጣል። ሸክላው ላይ ከመሀል ተነስቶ እየዞረ ጠርዙ ድረስ የሚሄድ ቦይ ተቆፍሯል። ቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ተኝቷል። እንጀራውን የሚያበስለው ይህ ሽቦ ነው። ጀሶው ሽቦውን ከቦታው እንዳይነቃነቅ ይይዘዋል፤ ሸክላው ደግሞ ሙቀቱን ተቀብሎ ለሊጡ ያዳርሳል።

ሽቦው ኒክሮም ይባላል። በጣም የታወቀው ዓይነት 80 በመቶ ኒኬልና 20 በመቶ ክሮሚየም ነው። ሲግል ላዩ ላይ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑ አየር ውስጡን እንዳይበላው ይከላከላል። በውፍረትም በርዝመትም እኩል ከሆነ የመዳብ ሽቦ ጋር ሲነጻጸር ሬዚስታንሱ ከ60 እጥፍ ይበልጣል። ከሁሉም የማደንቅለት ግን እርጋታውን ነው። የአምፖል ቱንግስተን ሲበራ ሬዚስታንሱ ከቀዝቃዛው ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ኒክሮም ግን ቀዝቅዞም ግሎም የሚለያየው በጥቂት በመቶ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛው የተሰላው ስሌት ምጣዱ ሲግልም ይሠራል።

ስሌቱ አጭር ነው። ምጣዱ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል እንበል። 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም ይሆናል፤ ይህ ሬዚስታንሱ ነው። 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ይሆናል፤ ይህ ኃይሉ ነው። ሠሪው የሚነሳው ከመጨረሻው ነው፤ 13.75 ኦም ለማግኘት ስንት ሜትር ሽቦ ይቁረጥ? ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ኒክሮም በሜትር 1.4 ኦም ገደማ አለው። ስለዚህ 9.8 ሜትር ይበቃል።

ይህን የቮልት፣ የአምፔርና የኦም ዝምድና ያገኘው ጌኦርግ ኦም የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መሣሪያዎቹን ራሱ ይሠራ ነበር። የዘመኑ ባትሪ ኃይሉ እየዋዠቀ ልኬቱን ሲያበላሽበት የቢስሙትና የመዳብ መጋጠሚያ ሠራ፤ አንዱን ጫፍ በፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ አድርጎ የማይዋዥቅ ምንጭ አገኘ። ከዚያ ርዝመታቸው የተለያየ የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ እየቀያየረ ለካ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1827 ታተመ።

9.8 ሜትሩ ሽቦ በቀጭን ዘንግ ላይ ይጠቀለልና እንደ ቦዩ ርዝመት ይሳባል። የእጅ ሙያ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጥቅልሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሳብ አለበት። ዙሮቹ በተቀራረቡበት በአንዲት ሳንቲ ሜትር ቦይ ውስጥ ብዙ ሽቦ ስላለ ሙቀቱ ይበረታል፤ በተራራቁበት ይሳሳል። ኦም መለኪያ ይህን ስህተት አያሳይም፤ ጠቅላላው 13.75 እንደሆነ ይቀራልና። የሚያሳየው እንጀራው ነው። ሙቀቱ ከበረታበት በኩል ያርራል፤ ከሳሳበት በኩል ዓይኑ ሳይወጣ ይቀራል። ከመሀል እስከ ዳር ዓይኑ እኩል የሆነ እንጀራ ባየሁ ቁጥር የጋጋሪዋ እጅ ብቻ ሳይሆን የሽቦ ሳቢው እጅም ይታየኛል።

ሽቦው ሲበጠስ ብዙ ጠጋኝ የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ያጣምረዋል። 1 ሜትር ተቆርጦ ወጣ እንበል። የቀረው 8.8 ሜትር ወደ 12.3 ኦም ይወርዳል። ምጣዱ ወደ 18 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉም ከ3,900 ዋት ያልፋል። ባለቤቷ «እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ ይግላል» ብላ ትደሰት ይሆናል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያረፈው ኃይል ከ360 ዋት ገደማ ወደ 450 ተጠግቷል፤ የ16 አምፔሩ የግድግዳ ሶኬትም ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል።

ገመዱና ሽቦው የሚገናኙበት መጋጠሚያም የራሱ ስሌት አለው። የላላ ሞርሰቶ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው 16 በ16፣ ከዚያም በ0.1 ሲባዛ 25.6 ዋት ይሆናል። ለ3,520 ዋት ምጣድ ኢምንት ነው። ለአንዲት የብሎን ጫፍ ግን ብዙ ነው፤ የገመዱ ፕላስቲክ ጠቁሮ የሚቀልጠው በዚህ ነው። 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ ያለው የ3 ሜትር ገመድ ሄዶ መልሱ ተደምሮ 11 ዋት ገደማ ነው፤ እሱም በ6 ሜትር ሽቦ ላይ ተበትኖ ነው። ጥሩ ሠሪ ብሎኑን ካጠበቀ በኋላ ሽቦውን ጎተት አድርጎ የሚያየው ስለዚህ ነው።

መብራት ሲደክም ደግሞ ምጣዱ ለምን ያን ያህል ይለግማል? ሬዚስታንሱ አልተቀየረም፤ 13.75 ነው። ቮልቴጁ ወደ 190 ቢወርድ ጅረቱም አብሮ ወደ 13.8 አምፔር ይወርዳል። ሁለቱ ሲባዙ 2,625 ዋት ገደማ ይሆናሉ። ቮልቴጁ የወረደው 14 በመቶ ያህል ነው፤ ኃይሉ ግን ሩብ ጎደለ። ያኔ ሊጡን ከማፍሰስ በፊት ምጣዱን ረዘም ላለ ጊዜ ማስጋል ነው እንጂ ጥፋቱ የአብሲቱ አይደለም።

አዲስ ምጣድ ስትገዙ፣ ከማሟሸታችሁ በፊት፣ ሻጩ ቴስተር እንዲያመጣ ጠይቁት። ምጣዱ ሳይሰካ የመሰኪያው ሁለት ዘንጎች ላይ ያስነካውና ኦሙን አንብቡ። 48,400ን ባነበባችሁት ቁጥር አካፍሉ፤ 48,400 ማለት 220 በ220 ነው። የምታገኙት ምጣዱ በ220 ቮልት የሚኖረው ዋት ነው። ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ከተቀራረበ ግዙት።