ጆሮ የለመደውን ለዓይን

በኦሮምኛ እናት «ሃዸ» ናት። ሁለተኛዋን ፊደል ጠጋ ብሎ ላያት «ደ»ን ትመስላለች፤ ጭረት ግን ተጨምሮባታል። ድምፁን ለማውጣት ምላስ ጫፏን ወደ ላንቃ አጥፋ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። አማርኛ ይህ ድምፅ የለውም። ቅቤን «ዸዻ»፣ ድንጋይን «ዸጋ»፣ እውነትን «ዹጋ» እያለ ያደገ ልጅ ግን ያለዚህች ጭረት እናቱንም ቅቤውንም በትክክል መጻፍ አይችልም።

ጭረቷን ባየኋት ቁጥር ሥራው ያስደንቀኛል። አማርኛ ራሱ የግዕዝን ፊደል ሲወርስ የጎደለውን ድምፅ የሞላው በዚሁ ጥበብ ነበር። ከ«ሰ» «ሸ»ን፣ ከ«ተ» «ቸ»ን፣ ከ«ነ» «ኘ»ን፣ ከዚያው ከ«ደ»ም «ጀ»ን አወጣ። እንግዳ ምልክት አልፈለሰፈም፤ ዓይን የለመደውን ቅርጽ ወስዶ በትንሹ ነካው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የኦሮምኛ መጻሕፍትን በዚህ ፊደል ያዘጋጁት ሰዎችም ይህንኑ መንገድ ያዙ። ከእነርሱ ዋነኛው የኢሉባቦር ልጅ ነበሩ።

ከበደሌ ተነስቶ በያዮ ደን በኩል ወደ መቱ የሚወርድ መንገደኛ ሁሩሙን ሳያይ አያልፍም። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለዱት በዚያ አካባቢ በ1856 ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። «ሂኩ» መፍታት ነው፤ የታሰረውን መፍታት፣ ቋንቋንም መተርጎም። አማርኛችንም ቋጠሮውን፣ ሕልሙንና እንቆቅልሹን የሚፈታው በዚያው አንድ ግስ ነው። ሂካ ገና በልጅነቱ ከቤተሰቡ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 እዚያ ነጻ ወጣ። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፣ በ1872 ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ፣ ኋላም ለትምህርት ስዊድን ድረስ ሄደ።

በልጅነቱ ከአገሩ የተወሰደ ሰው የያዘው ቋንቋ ምን ያህል ነው? «እናቴ»፣ «ውሃ ስጡኝ»፣ «መጣሁ» የሚለውን ይዟል። ምሽት እሳት ዳር የሚወርደውን ተረት፣ ሽማግሌ ሲሸመግል የሚመዘውን ምሳሌ ግን ገና ሰምቶ አልጠገበም ነበር። ለዚህ ነው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ለሥራው ያስፈለገችው። አስቴር የሊሙ እናርያ ልጅ ናት። ነጻ ተወልዳ በአገሩ ንጉሥ ባሪያ ተደረገች፤ በ1886 ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትጫን የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ስላስቆሙ ነጻ ወጥታ በእምኩሉ ወዳለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ደረሰች። ዕድሜዋ 14 ገደማ ነበር። ያም ማለት የአገሯን ተረት ሁሉ ሰምታ የጨረሰችበት ዕድሜ ነው።

መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ተመደበች፤ የእርሷ ቃላት በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት አገለገሉ። ከዚያ ግን 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 እምኩሉ በታተመው «ጀልቀበ በርሲሳ»፣ ማለትም «የማስተማር መጀመሪያ»፣ ገቡ። ለጀማሪ አንባቢ የተሰናዳ መጽሐፍ ነው።

የሚሲዮን ማተሚያ ቤት ላወጣው የመጀመሪያ ማንበቢያ የሃይማኖት ጥያቄና መልስ፣ ወይም ከስዊድንኛ የተተረጎመ የልጆች ታሪክ ቢመርጥ ማን ይገረም ነበር? እነርሱ የመረጡት ልጁ በአፉ የያዘውን ነው። ፊደል እየቆጠረ ለሚንገዳገድ አንባቢ ከእንቆቅልሽ የተሻለ ጽሑፍ አላውቅም። አጭር ነው፤ ትንፋሽ ሳያልቅ ያልቃል። ሙሉ ነው፤ ከሌላ ነገር ተቆርጦ የመጣ አይመስልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቃል ካልተነበበ አይፈታም፤ ስለዚህ ልጁን መምህሩ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ይጎትተዋል። አንዱን ለናሙና ልሥራ፦ አረንጓዴ ተወልዶ፣ ቀይ ለብሶ አድጎ፣ ጠቁሮ ሲሞት ጎረቤት የሚጠራ። የኢሉባቦር ልጅ ሦስቱንም ቀለማት ከጓሮው ያውቃቸዋል። «ተወልዶ» እና «ሞት» ወደ ሰው ያሳስቱታል፤ «ጎረቤት የሚጠራ» ሲልም ለቅሶ ይመጣበታል። ወዲያው ግን ያ ቃል ዞሮ የምጣዱ ሽታ ይሆናል። ቡና! ልጁ ቃሉን ያነበበው በዓይኑ ሲሆን የፈታው በአፍንጫው ነው።

ይህን ጥበብ በእኛ ዘመን ካነሱት አንዱ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያነበቡት በ19 ዓመታቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ሳን ፍራንሲስኮ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ከብዙ ቋንቋ ለመጡ ልጆች መጽሐፍ ነበረ፤ በአማርኛ ግን አጡ። በ2002 «ሞኙ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ሥዕሉ የቦጋለ በላቸው ነው። በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ከዚያም ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው የመጻሕፍት ጋሪ መንገድ ጀመረ።

የማሞ ተረት አሠራር ልብ ይባል። ማሞ በየቀኑ ሠርቶ የሚያገኘውን ያበላሻል፤ እናቱ ትመክረዋለች፤ እርሱም የትናንቱን ምክር በዛሬው ነገር ላይ ያውለዋል። ሁለተኛው ስህተት ላይ የሚያዳምጡት ልጆች ይስቃሉ። ሦስተኛው ላይ ተራኪውን ይቀድሙታል፤ ማሞ ምን ሊያደርግ እንደሆነ እየጮኹ ይነግሩታል። ጎበዝ አንባቢ እዚህ ላይ ገጹን ይዞ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ የሙያው እምብርት ናት። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ሲያወሩን አሳምረው የሚያውቋት እርሷን ነበር፤ መልስ የማይሰሙበት ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጠው እንኳ ለልጁ መልስ ጊዜ ይሰጡት ነበር።

በኦኔሲሞስ አገር፣ መቱ ላይ፣ ለልጆች ጮክ ብሎ ማንበብ ከዝናብ ጋር መስማማት አለበት። ኢሉባቦር ዝናቡ ረጅም ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የማንም ድምፅ አይችለውም። የሚያነብላቸው ሰው ከዝናቡ ጋር መታገል የለበትም። መጽሐፉን ወደ ልጆቹ አዙሮ ሥዕሉን በጣቱ ይከተል፣ ዝናቡ እስኪያባራ ልጆቹን ወደ ራሱ ያስጠጋቸው፣ ሲያባራ አንድ እንቆቅልሽ ይጣልላቸው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ልጅ ግን ቤተ መጻሕፍትን የሚወደው በመደርደሪያው ብዛት አይደለም፣ ድምፁን ለእርሱ ሲል ዝቅ ባደረገለት ሰው ነው።

ዛሬ የመቱ ልጆች ኦሮምኛን በትምህርት ቤት የሚያነቡት በ1991 ሥራ ላይ በዋለው የላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው። ያ ጭረት ያለበት ድምፅ እዚያ በሁለት ፊደላት ጥምረት ይጻፋል። የእምኩሉው መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ስለተጻፈ ለብዙዎቹ እንደ ወረደ አይነበብላቸውም። አሠራሩን መውሰድ ግን ይቻላል፤ ከቤት የመጣውን ተረት በወረቀት አስፍሮ ለቤት መመለስ። ኦኔሲሞስና አስቴር በ1904 ወደ ወለጋ ሲመለሱ ያደረጉት ይኸው ነበር። አስቴር ነቀምት ላይ አስተማሪ ሆነች። ከሰበሰበችው ብዙው ግን ሳይታተም ቀረ፤ ይህ ይቆጨኛል።

የልጆች የንባብ ሰዓት በተዘጋጀበት ቦታ ሁሉ የልጅ ልጇን አድርሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅ ሴት አትጠፋም። ማንበብ አትችል ይሆናል። ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው ያጡትን፣ አስቴር በልቧ ይዛ ባሕር ዳርቻ የደረሰችውን ተረት ግን ይዛለች። ትግባ፤ ከልጆቹ አንዱ እርሳስ ይያዝ፣ የአንባቢውም ወንበር ለእርሷ ይለቀቅ።