በሬን በባዶ እጅ

የፖርቱጋል የበሬ ግጥሚያ ከስፔኑ የሚለየው፣ እንደ ባራንኮስ መንደር ካለ ልዩ ልማድ በቀር፣ በሬው በተመልካች ፊት ስለማይገደል ነው። ስመ ጥሩው መድረክ በሊዝበን የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1892 የተከፈተው ቀይ የጡብ ሕንፃ ካምፖ ፔኬኖ ነው። ለትምህርት ሊዝበን የከረመ የባዕድ አገር ተማሪ በሬውን በፈረስ ላይ ሆኖ የሚገጥመውን ፈረሰኛ ሊያይ ይገባል፤ ሲወጣ የሚያወራው ግን ስለ ፎርካዶዎቹ ነው። እውነቱን ነው።

ፈረሰኛው የተዋቡ ባለ ስለት ዘንጎችን በበሬው ጫንቃ ላይ ሰክቶ ሲጨርስ ፎርካዶ የሚባሉ ስምንት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። የፊተኛው አረንጓዴ ቆቡን ደፍቶ፣ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «ቶይሮ!» እያለ በሬውን ይጣራል። ሲመጣበት አይሸሽም፤ በሁለቱ ቀንዶች መካከል ዘሎ ይገባና አንገቱን አቅፎ ይንጠለጠላል። የቀሩት ከኋላው ተደራርበው ይደግፉታል። የቀንዶቹ ጫፍ በቆዳ ቢሸፈንም ጉዳት ብርቅ አይደለም። ካልተሳካ እንደገና ይሞከራል፤ ተመልካቹም ልብሱ አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ደምቶ ለሚመለሰው ሰው ይበልጥ ያጨበጭባል።

በሬው ጸጥ ሲል ሁሉም ይለቁታል፤ አንዱ ብቻ ጅራቱን ይዞ ይቀራል፣ እሱም መጨረሻ ላይ ለቆት ይሄዳል። ከዚያ ደወል ያጠለቁ ሰንጋዎች ገብተው በሬውን አጅበው ያስወጡታል።