ጭነቱ ይቅደም፦ የኖስትሮሞ ሠራተኞችና ውላቸው

ስለ «ኤሊየን» ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው ያንን አውሬ ነው። ጊገር የነደፈው ፍጥረት ያስፈራል፤ አልክድም። እኔን ግን ፊልሙን ባየሁት ቁጥር የሚከነክነኝ የሠራተኞቹ ውል ነው።

ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳየን «ኖስትሮሞ» የጦር መርከብም የአሳሾች መርከብም አይደለችም። ጎታች ናት። 20 ሚሊዮን ቶን ማዕድን የያዘ ማጣሪያ እየጎተተች ወደ ምድር የምትመለስ የኩባንያ ንብረት ናት። ሰባቱ ባልደረቦች ከረጅም እንቅልፍ ነቅተው ገና ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ስለ ከዋክብት የሚያወራ የለም፤ ጨዋታው ስለ ቦነስ ነው። ታች ሞተሩ ጋ የሚለፉት ፓርከርና ብሬት «የእኛ ድርሻ ለምን ያንሳል?» ይላሉ። ካፒቴን ዳላስ የተዋዋላችሁትን ታገኛላችሁ ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ብዙ ተመልካች ይህን እንደ ቀልድ ያልፈዋል። ለእኔ የፊልሙ ቁልፍ እሱ ነው። ከማይታወቅ ስፍራ ምልክት ሲመጣ ፓርከር ይህ የእኛ ሥራ አይደለም ብሎ ይከራከራል። የሳይንስ መኮንኑ አሽ ግን የውሉን አንቀጽ ይጠቅሳል፦ ምልክቱን አልመረምርም ያለ ድርሻውን በሙሉ ያጣል። አለቀ። ወደዚያ የሚወርዱት ጀግና ስለሆኑ ሳይሆን የለፉበት ገንዘብ እንዳይቀርባቸው ነው።

ሪፕሊ መጀመሪያ ላይ በሕግ የምታምን ሴት ናት። ለእነ ፓርከር ድርሻችሁ በሕግ የተጠበቀ ነው ትላቸዋለች። ኋላ ግን ሠራተኞቹ «እናት» ከሚሏት ኮምፒውተር ትእዛዙን ታነባለች፦ ፍጥረቱ ለኩባንያው ይምጣ፣ የሠራተኞቹ ሕይወት ቢጠፋም ግድ የለም። ትእዛዙን ሲያስፈጽም የቆየው አሽም ሰው ሳይሆን ማሽን ሆኖ ይገኛል።

የመርከቧ ስም የመጣው ጆሴፍ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1904 ካሳተመው ልቦለድ ነው። በልቦለዱ ኖስትሮሞ የወደብ ጫኞች አለቃ ነው። ባለሀብቶቹ ይመኩበታል፤ ከማዕድን ማውጫቸው የተገኘውን ብር በሌሊት በጀልባ እንዲያሸሽላቸው ይልኩታል። መጠቀሚያ መሆኑ የሚገባው ዘግይቶ ነው። ስሙ ለመርከቧ በልኳ የተሰፋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ተከታይ ፊልም ለኩባንያው በርክ የሚባል ከሃዲ ሰጠው። ይህ ነገሩን ያቀለዋል ባይ ነኝ፤ ክፉ ሰው ካለ በእሱ ላይ ተናድዶ መገላገል ይቻላል። በመጀመሪያው ፊልም የምንናደድበት ሰው እንኳ የለም። ያለው ወረቀትና ትእዛዝ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

በመጨረሻ ሪፕሊ መርከቧን ከነጭነቷ አፈንድታ በትንሿ መንኮራኩር ታመልጣለች። ከዚያ ሪፖርቷን ትቀዳለች። አስቀድማ የሞቱትን ባልደረቦቿን አንድ በአንድ በስም ትጠራለች፤ ጭነቱና መርከቧ መውደማቸውን የምትናገረው ከእነሱ በኋላ ነው። ኩባንያው ያስቀደመው ጭነት እሷ ዘንድ ከሰው ኋላ ተሰልፏል።