ሲስተር እንዴት ትጠይቃለች?

የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት የኤ.አር.ቲ ክሊኒክ ከሁሉ የሚቀለው ጥያቄ «መድኃኒትዎን በትክክል እየወሰዱ ነው?» የሚለው ነው። መልሱም «አዎ» ነው። ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ቀጣዩ ይጠራል።

ሙያዋን የምታውቅ ሲስተር እንዲህ አትጠይቅም። ብዕሯን ታስቀምጥና «ሰዓት መጠበቅ ብዙ ሰው ይቸግረዋል። ባለፈው ሳምንት እርስዎን ስንት ቀን አመለጠዎት?» ትላለች። «አምልጦዎታል ወይ?» አላለችም። ማምለጡን በማንም ላይ የሚደርስ ነገር አድርጋ ቁጥሩን ብቻ ጠየቀች። ታካሚው የሚክደው ነገር የለም፤ «ሁለት ቀን» ይላል። ቁጣም ምክርም ሳታስከትል ዝም ትላለች። ይህን ዝምታ በጣም አደንቃለሁ፤ ዋናው ነገር የሚወጣው ያኔ ነውና። እንግዳ ቤት ሰንብቷል፣ ብልቃጡ ሲከፈት ይንኮሻኮሻል፣ ሰው እንዳይሰማ ብሎ ትቶታል። አሁን መላ የሚፈለግለት ችግር ተገኘ። ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ይጨመራል። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ያለበት ኪኒን በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም የሚዋጥ ስለሆነ ሰዓቱን ለእሱ ወደሚመቸው ማዛወር ይቻላል፤ ጾም ለያዘም ያው ነው።

«ጠበል ልገባ ነው» ካላትም አትከራከርም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ መናገራቸውን ታስታውሰዋለች፤ የሚሰነብትበትን ቀን ጠይቃም ኪኒኑ እንዳያልቅበት ታሰላለታለች።

የቫይረሱ መጠን ውጤት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥበብ አላት። ቫይረሱ በምርመራ አለመታየቱ ከሰውነት ጠፋ ማለት እንዳልሆነ፣ መድኃኒቱ እስካልተቋረጠና ውጤቱ እንዲህ እስከቆየ ድረስ ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማይተላለፍ ትነግረዋለች። «ገባዎት?» ብላ አታልፍም። «እስቲ ለባለቤትዎ እንዴት ብለው ነው የሚነግሯት?» ትለዋለች። ሲናገር የተምታታበት ቦታ ይታወቃል፤ እሱን ብቻ ታቃናለታለች።

ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ትልቁ ጭንቀት ኪኒኑን ማግኘት ነበር። ዛሬ ደኅና የሆነ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያቺ አጭር ቆይታ ግማሽ ዓመት መሸከም አለባት። ጥራት ይሻሻል ከተባለ ገምጋሚዎች ስንት ሰው እንደተመከረ ከመዝገብ መቁጠራቸው አይበቃም። ታካሚው ከፈቀደ አንድ ጥግ ተቀምጠው ጥያቄው እንዴት እንደሚጠየቅ ይስሙ። ለሲስተርም በሩ የሚዘጋ፣ ድምፅ የማያሳልፍ ክፍል ይስጧት።