ሐኪምና መድኃኒት ቤት፤ በታይዋን ደንብ ላይ የቀረበ ሒስ

ሐኪም የመድኃኒት ሱቅ እንዳይኖረው መከልከል አዲስ ነገር አይደለም። የሲሲልያ ንጉሥ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬዴሪክ በ13ኛው መቶ ዓመት ባወጣው ሕግ፥ ሐኪም ከመድኃኒት ቀማሚ ጋር እንዳይሻረክ፥ የራሱም መድኃኒት ቤት እንዳይኖረው ከልክሎ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በሽተኛ የታዘዘለት መድኃኒት በእርግጥ ያስፈልገው እንደሆነ ራሱ መርምሮ ሊያውቅ አይችልም፤ አዛዡና ሻጩ አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ የሚጠይቅለት ሌላ ሰው የለውም።

ታይዋን በ1997 እ.ኤ.አ. ከታይፔና ከካኦሲዩንግ ከተማዎች ጀምራ ሁለቱን ሥራዎች ስትለይ፥ ደንቡ ራሱ ያጠረውን አጥር ራሱ የሚከፍት ሆነ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በገዛ እጁ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ዳሩ ግን ክሊኒኩ ፋርማሲስት ቀጥሮ እዚያው ቢያሠራ ይፈቅዳል። ብዙዎችም ቀጠሩ። እንግዲህ ይህ ፋርማሲስት የመድኃኒት ማዘዣውን አይቶ «ይህ ይበዛል» ለማለት ቢደፍር፥ የሚናገረው ደመወዙን ለሚከፍለው ሰው ነው። እጅ ተለየ፤ ኪሱ ግን አንድ ነው። ቀጥሎ የተደረገው ጥናትም፥ ፋርማሲስት ባልቀጠሩት ክሊኒኮች የመድኃኒት ወጪ ሲቀንስ፥ በቀጠሩት ዘንድ ይህ ቅናሽ እንዳልታየ ያመለክታል።

ደቡብ ኮሪያ በ2000 እ.ኤ.አ. የመረጠችው መንገድ ከዚህ ይጠነክራል። ተመላላሽ በሽተኛ መድኃኒቱን ከክሊኒኩ ውጭ ካለ መድኃኒት ቤት እንዲወስድ አዘዘች። ሐኪሞች ሥራ አቁመው ተቃወሙ፤ መንግሥትም የሕክምናውን ዋጋ ደጋግሞ ከፍ አደረገ። በዚህ ምክንያት ሕጉን ውድ ነው ብሎ የሚነቅፈው አይጠፋም። እኔ ግን ሐኪሙ ከመድኃኒት ትርፍ ያገኝ የነበረውን በምርመራው ዋጋ ላይ በግልጽ ቢቀበለው እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ከፋዩ ስለ ምን እንደሚከፍል ያውቃል።

የገጠሩ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በእንግሊዝ አገር ገጠር፥ ከመድኃኒት ቤት ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር በሽተኛ ከሐኪሙ እጅ መድኃኒት እንዲወስድ ሊፈቀድለት ይችላል፤ ኮሪያም መድኃኒት ቤት የሌለባቸውን ቦታዎች ከክልከላው ውጭ አድርጋለች። የታይዋን ሕግም ቢሆን ፋርማሲስት ለሌለበት ሩቅ ስፍራና ለድንገተኛ ሕመም ይፈቅዳል። በዚህ ቢወሰን ኖሮ የምነቅፈው ባልነበረኝ። ነገር ግን በታይፔ መካከል ያለ፥ መድኃኒት ቤት በመንገዱ ማዶ የሚታየው ክሊኒክ፥ አንድ ደመወዝ መክፈል ስለቻለ ብቻ የሩቁ ገጠር ያገኘውን መብት ያገኛል።