ድምፁ ሲቀድም፦ በቪዲዮ ሂስ መሥራትን ስለ መማር

ፊልምን በፊልም መሄስ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪፕት ይነሳል። ሐሳቡን ጽፎ ይጨርሳል፣ ድምፁን ይቀርጻል፣ ከዚያ ንግግሩን የሚሸፍኑ ምስሎች ፍለጋ ይወጣል። ለጀማሪ የሚሰጡ ምክሮችም ይህንኑ ቅደም ተከተል ያጸናሉ፤ ጥሩ ማይክራፎን ግዛ፣ ስክሪፕትህን አጥራ፣ ምስሉ በኋላ ይደርሳል ይሉታል። የእኔ መከራከሪያ ይህ ቅደም ተከተል ተማሪውን ገና ከጅምሩ ያበላሸዋል የሚል ነው። በዚህ መንገድ የሚወጣው ሥራ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ምስል የተለጠፈበት ንግግር ሆኖ ይቀራል። ሌላ የመማሪያ መንገድ አለ፤ ከ10 ዓመት በላይ ተፈትኗል፤ ሆኖም ከጥቂት የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ውጭ የመምህራን ጨዋታ ተደርጎ ይታያል።

ድምፅ ምስልን ምን ያህል እንደሚገዛ ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1957 በሠራው «የሳይቤሪያ ደብዳቤ» አሳይቷል። የያኩትስክ ከተማ ጎዳና፣ አንድ አውቶቡስ፣ መንገድ የሚደለድሉ ሠራተኞች፣ በካሜራው ፊት የሚያልፍ አንድ ሰው። ያንኑ ቁራጭ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ያሳየናል። የመጀመሪያው ትረካ የሶቪየትን ሥርዓት ያወድሳል፣ ሁለተኛው ያወግዛል፣ ሦስተኛው ገለልተኛ ለመሆን ይጣጣራል። ከምስሉ ላይ አንዲት ፍሬም አልተነካችም፤ እኛ ግን ሦስት የተለያዩ ከተሞች አይተን ወጣን። ትዕይንቱ በየፊልም ትምህርት ክፍሉ ይታያል፣ ተማሪውም ይደነቃል፣ ወዲያው ግን ወደ ማይክራፎኑ ይመለሳል። ምስል ለየትኛውም ድምፅ የሚታዘዝ ከሆነ ተራኪው የሚለውን ምስሉ አረጋገጠለት ማለት አይቻልም። በቪዲዮ የሚሠራ ሂስ ትልቁ ፈተና ይህ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ሥራ ፈተናው መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል።

ቶኒ ዙ እና ቴይለር ራሞስ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመሩት «ኤቭሪ ፍሬም አ ፔይንቲንግ» የተባለ የዩቲዩብ ቻናል ድምፅን የማስቀደም ልማድ ለመስፋፋቱ ሳያስበው ምክንያት ሆኗል። የሁለቱን ሥራ አከብራለሁ፤ በተለይ የበስተር ኪተንን የቀልድ አሠራር የተነተኑበት ቪዲዮ ዛሬም ደግሜ የማየው ነው። ተከታዮቻቸው የወረሱት ግን ዓይናቸውን ሳይሆን ቅርጻቸውን ነበር፦ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጡ አጫጭር ቁራጮች፣ ወዳጃዊ ድምፅ፣ በየጥቂት ሰከንዱ የሚለዋወጥ ፊልም። ሁለቱ ሥራውን ማቆማቸውን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሲያስታውቁ ደግሞ ከአሠራራቸው አብዛኛው የተቀረጸው የዩቲዩብን የቅጂ መብት መቆጣጠሪያ ለማለፍ እንደነበር ራሳቸው ገለጹ። አንድ ትውልድ እንደ ሥነ ውበት ያጠናው የቁርጥ ፍጥነት በከፊል ከማሽን የማምለጫ ዘዴ ነበር ማለት ነው። የፊልሙ ትዕይንት አምስት ሰከንድ ብቻ የሚታየው ትዕይንቱ አምስት ሰከንድ ስለሚበቃው አልነበረም። ስለ ኤዲቲንግ ጊዜ የሚናገር ሂስ ለራሱ ምስሎች ጊዜ ሲነፍግ ተመልካቹ ሊያምነው እንጂ ሊፈትሸው አይችልም።

ከዚህ በተቃራኒ ተማሪ ሁሉ ከማንኛውም መመሪያ አስቀድሞ ሊያጠናው ይገባል የምለው የቪዲዮ ሂስ ሠሪው ኮጎናዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራውን «ኒዮሪያሊዝም ምንድነው?» የተባለ አጭር ሥራ ነው። ጉዳዩ የታወቀ ነው። ጣሊያናዊው የኒዮሪያሊዝም ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በሮም ተርሚኒ የባቡር ጣቢያ ጄኒፈር ጆንስንና ሞንትጎመሪ ክሊፍትን ይዞ አንድ ፊልም ሠራ፤ የሆሊዉዱ ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ ደግሞ ያንኑ ቀረጻ ለአሜሪካ ተመልካች እንደገና አስቆርጦ አሳጠረው። ኮጎናዳ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ያስኬዳቸዋል። አብረው ይነሳሉ። ተዋናይዋ ከፍሬሙ ስትወጣ የሴልዝኒክ ሾት ይቆረጣል፤ የዴ ሲካ ሾት ግን ይቀጥላል። የማናውቃቸው መንገደኞች ያልፋሉ፤ ካሜራው ለአፍታ የእነሱ ይሆናል፤ ታሪኩ አልፏቸው ሄዷል፣ ፊልሙ ግን አልሄደም።

እዚህ ላይ ምን እንደሚደርስብን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ወገን ቀድሞ ሲያልቅ የምንጠብቀው እኛ ነን። በመጠበቁ ውስጥ የሁለቱ ቅጂዎች ልዩነት በሰውነታችን ላይ ይለካል። ሴልዝኒክ ለምን ቸኮለ? እነዚያ መንገደኞች ለማን ትርፍ ናቸው? የኒዮሪያሊዝም ትርጉም ነው ተብሎ በመጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ፣ የተራው ሰው ክብር፣ የድሆች ሕይወት፣ የሐቅ ፍቅር፣ ወደ አንድ ሊዳሰስ የሚችል ጥያቄ ይወርዳል፦ ዋናው ሰው ከወጣ በኋላ ካሜራው ስንት ሰከንድ ይቆያል? ኮጎናዳም ተራኪ አለው፤ ንግግሩም የተጠና ነው። ድምፁን ብታጠፉት ግን ክርክሩ ጸንቶ ይቀራል፣ ምክንያቱም ክርክሩ የተሠራው በአቀማመጡ ነው። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፤ የማደንቃቸው ብዙ ሥራዎች በዚህ መለኪያ ይወድቃሉ። ከዚህ የአምስት ደቂቃ ያህል ሥራ ስለ ዴ ሲካ ያገኘሁትን ከብዙ ወፍራም መጻሕፍት አላገኘሁም።

እንዲህ ያለ ዓይን እንዴት ይለመዳል? በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት በሚገኘው ሚድልበሪ ኮሌጅ ክርስቲያን ኪትሊ እና ጄሰን ሚቴል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሰጡት የሁለት ሳምንት ዎርክሾፕ መልሱን ከልምምድ ጀመሩ። ተሳታፊዎቹ በጽሑፍ የሠለጠኑ የፊልም ምሁራን ነበሩ፤ መጀመሪያ የተከለከሉትም የለመዱትን ነገር፣ ማብራራትን ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ፔቻ ኩቻ ይባላል፦ ከአንድ ፊልም 10 ቁራጮች፣ እያንዳንዳቸው ልክ 6 ሰከንድ፣ በቀጥተኛ ቁርጥ የተያያዙ፤ ከሥራቸው ከዚያው ፊልም የተወሰደ ያልተቆራረጠ የአንድ ደቂቃ ድምፅ። ከዚህ ሌላ ምንም አይጨመርም። አስተያየት የለም፣ ጽሑፍ የለም፣ መከራከሪያ ሐሳብ ይዞ መምጣትም አያስፈልግም።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም። ተማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ጋ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ልኩ አስቀድሞ የተሰጠ ስለሆነ ሐሳቡ ሁሉ በዚያ ልክ ውስጥ ምን ሊቆም እንደሚችል መፈለግ ላይ ይውላል። በፔቻ ኩቻም እንዲሁ ነው። ሰውየው ስለ ፊልሙ የሚያውቀውን ለማሳየት ቦታ ስላጣ ፊልሙን እንደ አዲስ ለማየት ይገደዳል። ከአንድ ትዕይንት የመጣ ድምፅ ከሌላ ትዕይንት ፊት ጋር ሲገጥም ማንም ያላቀደው ዝምድና ይወጣል፤ አንዳንዴ ያ ዝምድና ሙሉ የጥናት ጥያቄ ይሆናል። ልምምዱን የሚንቁት «ይህ ሂስ አይደለም» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ሂስ ገና አልሆነም። ሂስ ሊሠራ የሚችል ሰው ግን የሚወጣው ከዚያ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ወገን ግን ከወቀሳ አያመልጥም፤ እንዲያውም ወቀሳው የሚከብደው በእሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው «ኢን ትራንዚሽን» የተባለ መጽሔት በቪዲዮ የሚሠራ ጥናትን በአቻ ምሁራን እያስገመገመ ግምገማውንም ከሥራው ጋር ማተሙ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ዓይነት ቪዲዮ እንደ ደንብ ሰፍኗል፦ ምስሉ ይዘገያል፣ ሐዘንተኛ ሙዚቃ ከሥር ይፈሳል፣ በላዩ የአንድ ታላቅ ፈላስፋ ዓረፍተ ነገር ቀስ ብሎ ይጻፋል። ይህ በዎርክሾፑ ከሚሰጡት ልምምዶች አንዱ፣ ጥቅስንና ትዕይንትን የሚያገናኘው፣ ለመለማመጃ ታስቦ ሳለ የመጨረሻ ሥራ ሆኖ የቀረበ ነው። ፈላስፋው ስለ ፊልሙ አልተናገረም፤ ፊልሙም ለፈላስፋው አልመለሰም። አንድን ፊት አዘግይቶ ማሳየት ፊቱን መተንተን አይደለም፤ የማይሰማን ስሜት ለመበደር የሚደረግ ጥረት ነው። የዩቲዩቡ ተራኪ ቢያንስ ሊሳሳት የሚችል ነገር ተናግሯል፤ ይህኛው ሊሳሳት የሚችልበትን በር ሁሉ ዘግቷል። አንባቢ በዚህ ፍርዴ የከበዱ ቃላት ቢያገኝ እንዲያውቅልኝ የምሻው፣ ይህ ዘርፍ ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የጣልኩበት መሆኑን ነው።

በአማርኛ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የውጭ ፊልሞችን ታሪክ በአማርኛ የሚተርኩ ሰዎች በዩቲዩብ ብዙ ተመልካች አላቸው፤ ከእነሱ መካከል የድምፅ አወራረዳቸውና የጊዜ ስሜታቸው የሚያስቀና አሉ። የትረካ ባህላችን እዚያ ውስጥ ሕያው ነው፤ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ምስሉ እዚያ የሚያገለግለው ሴራውን ነው። ሾቱ ለምን እዚያ ተቆረጠ፣ ካሜራው ለምን ራቀ የሚል ጥያቄ አይነሳም፣ ተራኪውም አልተጠየቀም። የቪዲዮ ሂስ በአማርኛ ሊጀመር ከሆነ እነዚህ ድምፆች ትልቅ ሀብት ናቸው፤ አስቀድመው ዝም ማለትን ከተለማመዱ ማለቴ ነው።

ለመጀመሪያው ልምምድ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ገበሬዎቹን በሩቅ ያሳየናል፤ ሥራቸውንና ጉዟቸውን በራሳቸው ጊዜ ይተዋቸዋል። ከዚያ 10 ባለ 6 ሰከንድ ቁራጭ ለማውጣት የሚቀመጥ ተማሪ ብዙም ሳይቆይ ይቸገራል፤ ገበሬው መራመድ ሲጀምር ስድስቱ ሰከንድ አልቋል። ባለርስቱ ተቀምጦ የሚጮህበት ሾት ግን በስድስት ሰከንድ ውስጥ ያለ ችግር ሊገባለት ይችላል። ለማን አጭር ጊዜ እንደሚበቃ፣ ለማን እንደማይበቃ ተማሪው በገዛ ታይምላይኑ ላይ ያየዋል፤ ስክሪፕቱን መጻፍ ያለበት ይህን ካየ በኋላ ነው።