«ተቀበል» የሌለው ሳቅ

በእንግሊዝ አገር ቤኒ ሂል የሚባል ስመ ጥር ቀልደኛ ነበረ። በ1924 ሳውዝሃምፕተን በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለደ። (የእንግሊዝን ነገር ስናነሣ ዘመኑን በአውሮጳ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በራሳችን እናደርገዋለን።) በስሙ የተሰየመው የቴሌቪዥን ጨዋታ በ1955 በቢቢሲ ተጀመረ፤ ከ1969 ወዲህ በቴምስ ቴሌቪዥን እስከ 1989 ድረስ ታየ። ጨዋታው አጫጭር ትዕይንቶችን የሚያከታትል ሲሆን፣ አብዛኛው ነገሩ በወንድና በሴት መካከል ያለውን ምኞትና ቅሌት የሚነካካ ነው። በመጨረሻ በፈጣን ሙዚቃ ታጅቦ የሚደረገው ሩጫ ቃል ስለሌለው፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይስቅበታል። ዛሬ በሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት የተቀመጠ ተማሪም በስልኩ ከፍቶ ሊያየው ይችላል።

እኛን የሳበን ግን ከጨዋታው ይልቅ በጨዋታው ላይ የተነሣው ክርክር ነው፤ ይኸው ክርክር በአምባሰልና በሐይቅ አካባቢ በማሲንቆ ዙሪያ ሲነሣ የኖረ ነውና።

በእንግሊዝ አገር የተነሡት ተችዎች ሁለት ወገን ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ፣ ከ1964 ጀምሮ ስለ ቴሌቪዥን ጨዋነት ስትሟገት የኖረችውን ሜሪ ኋይትሃውስን የመሰሉ ሰዎች፣ በየቤቱ ሳሎን የሚገባ ነገር ነውር ሊናገር አይገባውም ይሉ ነበር። ሁለተኛዎቹ በ1980ዎቹ የተነሡ ወጣት ቀልደኞችና የሴቶች መብት ተከራካሪዎች ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ነውሩን ሳይሆን ሴቲቱ መሣቂያና መታያ ብቻ ሆና መቅረቧን ተቃወሙ። ወዳጆቹ በበኩላቸው ሰውየው በጨዋታው ሁሉ ተሸናፊ እንደ ሆነ፣ በመጨረሻውም ሩጫ ብዙ ጊዜ የሚባረረው እርሱ እንጂ ሴቶቹ እንዳልሆኑ ያመለክታሉ። ክርክሩ ሳይቋጭ ጨዋታው በ1989 ተቋረጠ፤ ሰውየውም በ1992 ሞተ።

የእንግሊዝ ቀልድ ቀድሞ ከአዳራሽ የወጣ ነው። ማክስ ሚለር የተባለው ቀልደኛ ሁለት መጽሐፍ፣ አንዱን ነጭ ሌላውን ሰማያዊ፣ ይዞ እየወጣ ከየትኛው እንዲያነብ ተመልካቹን ይጠይቅ ነበር። ነጩ የጨዋ ነገር ነው፤ ሰማያዊው ግን ሁለት ፍቺ ያለው። ሕዝቡ የትኛውን ይመርጥ እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም! ልብ ብሎ ላየው ሰው ይህ ከእኛ ሰምና ወርቅ ብዙ የራቀ አይደለም።

በአማርኛ «አልጋ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አልጋ መኝታ ነው፤ አልጋ ዙፋንም ነው። አዝማሪው ስለ አልጋ ሲያነሣ፣ ያገባው ጎልማሳ የመኝታውን ሰምቶ ይስቃል፤ ከኋላው የተቀመጠው ሽማግሌ የዙፋኑን ሰምቶ ጢሙን ይዳብሳል፤ ሕፃኑ ደግሞ የእንጨቱን አልጋ ብቻ ሰምቶ ይተኛል። እንግዲህ ነውር የተባለው ነገር ሁልጊዜ ወርቁ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰሙ እርሱ ነው፤ ፖለቲካው ከሥሩ ተደብቆ እንዲያልፍ የለበሰው ልብስ ነው። (ሁለት ትርጉም የሚያመጣውን መዘዝ ለአምባሰል ሰው ማስተማር አይገባም፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ የሆነበት የሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመው እዚሁ ውጫሌ ላይ ነው።) ግራዚያኒ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር እየተያዙ እንዲረሸኑ ሲያዝ፣ ስለ ጨዋነት ተጨንቆ እንዳልነበረ ማንም ያውቃል።

ስለዚህ «ነውር ነው» የሚለው ቃል በማን አፍ እንደ ወጣ መመርመር ይገባል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያሳዩት «ፋቡላ» የአውሬዎች ኮሜዲያ ነበር፤ መኝታ ቤት የሚያስገባ ነገር አልነበረውም፤ ነገር ግን አውሬዎቹ መኳንንቱን ስለ መሰሉ ጨዋታው ተከለከለ። አለቃ ገብረ ሐና ደግሞ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ዛሬ ተክሌ የሚባለው አቋቋም ከእርሳቸውና ከልጃቸው ስም ጋር ይያያዛል። ለልጆች በሚታተሙት መጻሕፍት የምናገኛቸው ገብረ ሐና ግን ታጥበውና ተተኩሰው የቀረቡ አንድ የዋህ ሽማግሌ ናቸው። ሕፃን ሁሉን ይስማ አንልም። ሆኖም ለሕፃኑ ተብሎ የታጠበው ለአዋቂውም ብቸኛው ቅጂ ሆኖ ሲቀር፣ ሰውየው ለምን በመኳንንቱ ዘንድ እንደ ተፈሩ የሚያውቅ ይጠፋል።

ወደ ቤኒ ሂል እንመለስ። እኛ እንደምንፈርደው ሰውየው ቃል በያዘበት ዘመን ብርቱ ነበር። በ1971 ስለ አንድ ወተት አመላላሽ የዘፈነው አስቂኝ ዘፈን በአገሩ አንደኛ ሆኖ ነበር፤ ኅብረ ቃልን የሚወድ የወሎ ሰው ቢተረጎምለት በእርግጥ ይወደዋል። በኋለኛው ዘመን ግን ቃሉ እየሳሳ፣ ትንሽ የለበሱ ተወዛዋዦች በዙ። ቃል ሲቀር ሰምም ወርቅም የለም፤ የቀረው ዳሌ ብቻ ነው። ይኸው ድካም በአሁኑ ጊዜ በአገራችን የሙዚቃ ቪዲዮዎችም ይታያል፤ ግጥሙ ሁለት ስንኝ፣ ወገቡ ግን አምስት ደቂቃ።

ይልቁንም ትልቁ ልዩነት «ተቀበል» በምትለው ቃል ላይ ነው። በአዝማሪ ቤት የተቀመጠ እንግዳ ስንኝ ሲመጣለት «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪውም ስንኙ ራሱን የሚዘልፍ ቢሆን እንኳ ተቀብሎ ማዜም ግዴታው ነው። የተነካው መልስ ይሰጣል፤ ሴቲቱም ትመልሳለች። ወንዱን በምላሷ ገርፋ ቤቱን ሁሉ ያሳቀችበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። አስናቀች ወርቁ በክራር ያገኘችው ክብር አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚመልስ ሰው ነበረች። የእንግሊዙ ቴሌቪዥን ግን አይቀበልም። የተሣቀባት ሴት ትሮጣለች፣ ትጮኻለች፤ ስንኝ ግን አልተሰጣትም። ሁለተኛዎቹ ተችዎች እውነታቸውን ነው የምንለው በዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ግን መድኃኒቱን ስተዋል፤ የጎደለው መልስ ሆኖ ሳለ ሳቁን ሊቀንሱ ፈለጉ። ለንደን የተማሩት መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፉ የጠለፋን ልማድ መሣቂያ አደረጉት፤ በተጠላፊዋ ላይ ሳይሆን በልማዱ ላይ አሳቁን።

እኛ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ በዓል ላይ አዝማሪዎች ግጥማቸውን አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ሲጠየቁ አይተናል። በዚያን ቀን መንገዱ ተወደሰ፣ ድንኳኑ ተወደሰ፣ የድምፅ ማጉያው ሳይቀር ተወደሰ፤ የሣቀ ግን አልነበረም። አንድ አረጋዊ «ተቀበል!» ቢሉ፣ አዝማሪው ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ።

ሐይቅ ሁለቱንም ይዛ የኖረች አገር ናት። በእስጢፋኖስ ገዳም፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጀምሮ ጸሎት የሚደረግበት፣ ሴት የማትገባበት ሥርዓት አለ፤ ከውኃው ማዶ ደግሞ በሠርግ ቤት ሚዜው ያለ ርኅራኄ ይዘለፋል። አንዱ ሌላውን ያጠፋል ብሎ የፈራ አላየንም።

ስለዚህ የቃል ግጥም ለመመዝገብ ወደ ገጠር የሚወጡ መምህራንና የባህል ሠራተኞች አንድ ነገር ቢያስቡበት እንወዳለን። ስንኙን እንደ ተባለ ይጻፉት፤ ሰሙን በአንድ ወገን፣ ወርቁን በሌላው ያስፍሩ፤ ለትምህርት ቤት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ይመረጥ። «ተቀበል» ያለው ማን እንደ ነበረ፣ መልሱም ምን እንደ ሆነ አብረው ይጻፉ። ማሲንቆ መቺውን ብቻ ሳይሆን፣ ከጎኑ ቆማ እያጨበጨበች የምትመልሰውንም ሴት ስሟን ይጠይቁ።